«እስከ» የምትባለው ቃል፦ የመጀመሪያውን መገናኛ ሬዲዮ ከመግዛትዎ በፊት

በማርኬቲንግ ሙያ ውስጥ ከሁሉም በላይ የምትሠራ አንዲት ትንሽ ቃል አለች፤ «እስከ» ትባላለች። «እስከ 50 በመቶ ቅናሽ» ሲባል ዋጋው በግማሽ የወረደው ዕቃ ከሱቁ ጥግ አንድ ብቻ ቢሆንም ማስታወቂያው አልዋሸም። «እስከ 24 ሰዓት የሚቆይ ባትሪ» ሲባል ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ማንም ሳይነካው የተለካ ሊሆን ይችላል። ይህችን ቃል በሥራዬ በየቀኑ ስለማገኛት፣ አንድ ሳጥን ሳነሳ ዐይኔ ቀድሞ የሚፈልገው እሷን ነው።

በዚህ ወር የምናገላብጠው ሳጥን የመገናኛ ሬዲዮ ነው። አብዛኞቻችን «ዎኪቶኪ» የምንለው፣ የጥበቃና የሆቴል ሠራተኞች ወገባቸው ላይ አንጠልጥለውት የምናየው ዕቃ ማለት ነው። ከእሱ ጋር አማተር ሬዲዮ የሚባለውን፣ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ከሩቅ አገር ሰው ጋር የሚነጋገሩበትን መስክም እናያለን።

ጉዳዩን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ልጆቻቸውን ከስልክ ስክሪን ለማላቀቅ ሌላ መጫወቻ የሚፈልጉ ወላጆች በዝተዋል። ቅዳሜና እሑድ ወደ ተራራና ጫካ የሚወጡ የእግር ጉዞ ቡድኖችም እንዲሁ፤ ኔትወርክ የማይደርስበት ቦታ ሲገቡ መገናኛው ያሳስባቸዋል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ደግሞ «ምን ላምጣላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ሬዲዮው ጥሩ ስጦታ መስሎ ይታያል፤ በአሜሪካ ገበያ ርካሹ ከ30 ዶላር በታች ነውና።

ሐሳቤ አጭር ነው። በሬዲዮ ጉዳይ መሣሪያው የሚገዛው በሦስተኛ ደረጃ ነው። መጀመሪያ ፈቃዱ፣ ቀጥሎ ጆሮው፣ ከዚያ በኋላ ሬዲዮው። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ዕቃውንም ሊያጣ ይችላል።

ሦስት ዓይነት ሬዲዮ

ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ ጥቁር ፕላስቲክ፣ አጭር አንቴና፣ በጎኑ የሚጫኑት ቁልፍ። ልዩነታቸው ያለው በሚጠቀሙበት ሞገድና በሚገዛቸው ሕግ ላይ ነው።

የመጀመሪያው የቤተሰብ ሬዲዮ ነው። ኃይሉ አነስተኛ ነው፤ አንዳንድ አገሮች ማንም ሰው ከሱቅ ገዝቶ ያለ ፈተና እንዲጠቀምበት ፈቅደዋል። ሁለተኛው የሥራ ሬዲዮ ነው፤ ሆቴሉ፣ የግንባታ ድርጅቱ ወይም የጥበቃ ኩባንያው በራሱ ስም ፈቃድና የተወሰነ ሞገድ ወስዶ ለሠራተኞቹ ያድለዋል። ሦስተኛው አማተር ሬዲዮ ነው።

«አማተር» ሲባል «ጀማሪ» ወይም «ያልበሰለ» ማለት አይደለም። ለክፍያ ሳይሆን ለፍቅሩ የሚሠራ ማለት ነው። አማተሩ በአብዛኞቹ አገሮች ስለ ሬዲዮ አሠራርና ስለ ሕጉ ፈተና ይወስዳል፤ ከመንግሥት የራሱ የሆነ የጥሪ ምልክት ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ በዓለም ዙሪያ ካሉ መሰሎቹ ጋር ይነጋገራል። ንግድ ማካሄድ፣ ሙዚቃ ማሰራጨት፣ በምስጢር ኮድ ማውራት አይፈቀድለትም። የዮርዳኖሱ ንጉሥ ሁሴን ከዚሁ ማኅበረሰብ አንዱ ነበሩ፤ የጥሪ ምልክታቸውም «ጄ.ዋይ.1» ነበር። ሬዲዮውን ከፍተው ከተማሪ ጋርም ከጡረተኛ ጋርም ያወሩ ነበር።

ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት

የአክስቴ ልጅ የሚኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለበዓል ሊመጣ ሲዘጋጅ ደወለልኝ።

«እህቴ፣ ለልጆቹ ዎኪቶኪ አይቻለሁ፤ አራት ፍሬ በአንድ ሳጥን። ላምጣላቸው?»

«ኧረ ተው! እሱን እዚያው ለራስህ ልጆች ስጣቸው። ለእነዚህ ጫማ ይበቃቸዋል።»

«ምነው? እዚህ እኮ ሱፐርማርኬት ውስጥ ነው የሚሸጠው። ሳጥኑም ‹ፈቃድ አያስፈልግም› ይላል።»

«እዚያ ነዋ የማያስፈልገው!»

ነገሩ ይኸው ነው። ሳጥኑ ላይ ያለው «ፈቃድ አያስፈልግም» የሚለው ጽሑፍ የሚሠራው ዕቃው በተዘጋጀለት አገር ብቻ ነው። የሬዲዮ ሞገድ እንደ መሬት ነው፤ እያንዳንዱ አገር ሸንሽኖ ለፖሊስ፣ ለአውሮፕላን፣ ለስልክ ኩባንያ፣ ለቴሌቪዥን ይሰጠዋል። አንዱ አገር ለቤተሰብ የሰጠው ቁራሽ በሌላው አገር የሌላ ባለቤት ሊሆን ይችላል።

በአሜሪካ ያለው የቤተሰብ ሬዲዮ ኤፍ.አር.ኤስ. ይባላል። 22 ቻናሎች አሉት፤ ኃይሉ ከ2 ዋት አይበልጥም፤ አንቴናውም ከሬዲዮው ጋር የተጣበቀ መሆን አለበት። ፈቃድ አይጠየቅበትም። ከእሱ ከፍ ያለው ጂ.ኤም.አር.ኤስ. ሲሆን በ35 ዶላር ለ10 ዓመት የሚያገለግል ፈቃድ ይሰጥበታል፤ ፈተና የለውም። አመልካቹ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ደስ የሚለው፣ አንድ ሰው ያወጣው ፈቃድ ለባልና ሚስት፣ ለልጆች፣ ለወላጆች፣ ለአያቶች፣ ለእህትና ወንድም፣ ለአክስትና አጎት፣ ለአማችም ጭምር ይሠራል። ሕጉን ያረቀቀው ሰው የእኛን ቤተ ዘመድ የሚያውቅ ይመስላል።

በአውሮፓ ደግሞ የቤተሰቡ ሬዲዮ ፒ.ኤም.አር.446 ይባላል። ኃይሉ ግማሽ ዋት ነው፤ የሚሠራውም በሌላ ሞገድ ላይ ነው። ስለዚህ ከአሜሪካ የተገዛውን ሬዲዮ ፍራንክፈርት ላለች እህት መላክ ስጦታ ሳይሆን ጣጣ መላክ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ሞገዱን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በሬዲዮ ለማሰራጨት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ወደ አገር የሚገባ የመገናኛ መሣሪያም ይሁንታ ይጠየቅበታል። ያለ ወረቀት ሻንጣ ውስጥ የገባ ዎኪቶኪ ጉምሩክ ላይ ሊቀር ይችላል። ከጫማውና ከቸኮሌቱ መካከል ሬዲዮ የተገኘበት መንገደኛም ማብራሪያ ሲሰጥ ሊያመሽ ነው። ዘመድዎ ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት እርስዎ ባለሥልጣኑን ይጠይቁ። ጥያቄው ገንዘብ አያስወጣም።

ሳጥኑ ላይ ያሉ ሦስት ተስፋዎች

አሁን ወደ «እስከ» እንመለስ። በሬዲዮ ሳጥን ላይ በትልቁ የሚጻፉ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ርቀት፣ ዋት እና «የግል ኮድ»።

ርቀት። በአሜሪካ ሱቆች ውስጥ «እስከ 35 ማይል» የሚል ሳጥን ብርቅ አይደለም። 56 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ደርሶ የሚተርፍ ርቀት ነው። ቁጥሩ ፈጠራ አይደለም፤ አንዱ ሰው ተራራ ጫፍ ላይ፣ ሌላው በመካከላቸው ምንም በሌለበት ሸለቆ ውስጥ ቢቆሙ ሊገኝ ይችላል። እኛ ግን የምንኖረው ተራራ ጫፍ ላይ አይደለም።

የእጅ ሬዲዮዎች የሚጠቀሙበት ሞገድ የሚጓዘው እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው፤ የመሬትን ክብነት ተከትሎ እምብዛም አይታጠፍም። ስለዚህ ርቀቱን የሚወስነው ከፍታ ነው። በደረት ከፍታ ሬዲዮ የያዙ ሁለት ሰዎች ፍጹም ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ቢቆሙ በስሌት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሊደርሱ ይችላሉ። በመካከላቸው ሕንፃ፣ ዛፍና ኮረብታ ሲገባ ግን ይህ ወደ አንድና ሁለት ኪሎ ሜትር፣ በኮንዶሚኒየም ብሎኮች መካከል ከዚያም በታች ሊወርድ ይችላል። በተቃራኒው እንጦጦ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው፣ ከተማዋን ቁልቁል እያየ፣ በዚያው ትንሽ ሬዲዮ ዐይኑ ከሚያየው ትንሽ አልፎ ይደርሳል። የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ማሰራጫ ምሰሶዎች ፉሪ ተራራ ላይ የተተከሉትም ለዚሁ ነው።

ትምህርቱ ቀላል ነው። ሁለት ሬዲዮዎች ከአንድ ዓይነት ሞገድና ከተቀራረበ ኃይል ጋር ቀርበው አንዱ «25 ማይል» ሌላው «35 ማይል» ቢል፣ ልዩነቱ ያለው ሳጥኑ ላይ ነው። ለዚያ ልዩነት አንድ ብርም አይጨምሩ።

ዋት። «5 ዋት» ከሚለው ይልቅ «8 ዋት» የሚለው ይበልጣል ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው። ነገር ግን ኃይሉን በአራት እጥፍ ቢያሳድጉት እንኳ በተቀባዩ ሬዲዮ የምልክት መለኪያ ላይ የሚታየው ለውጥ አንድ ደረጃ ብቻ ነው። ከ5 ወደ 8 ዋት ያለውን ልዩነት ጆሮ የሚለየው በጭንቅ ነው፤ ባትሪው ግን በደንብ ይለየዋል፤ ቶሎ ያልቃል። ሬዲዮዎን ይዘው ወደ ሰገነት መውጣት ለዋት ከመክፈል ይሻላል።

የግል ኮድ። ለወላጆች ይህኛው ዋናው ነው። ሳጥኑ «121 የግል ኮዶች» ሲል፣ ሰው ንግግራችሁን የማይሰማበት መቆለፊያ የተሰጣችሁ ይመስላል። እንዲያ አይደለም። ኮዱ የሚሠራው የሌሎችን ድምፅ ከእርስዎ ድምፅ ማጉያ ላይ ዝም ማሰኘት ብቻ ነው። በዚያው ቻናል ላይ ኮዱን ያጠፋ ማንኛውም ሰው እርስዎን ጥርት አድርጎ ይሰማዎታል። ጆሮዎን በእጅዎ ደፍነው «አሁን ማንም አይሰማኝም» እንደ ማለት ነው።

እናም በሜሪላንድም ይሁን በስቶክሆልም ልጅ እጅ ላይ ሬዲዮ ሲገባ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ይሁን፤ በሬዲዮ ሙሉ ስም አይነገርም፤ የቤት አድራሻ አይነገርም፤ «እናቴ ቤት የለችም» አይባልም። ለልጁ የመጫወቻ ስም አውጡለት፤ «አንበሳ አንድ» ይባል። ጨዋታው ይደምቃል፤ ልጁም ይጠበቃል።

ከነዚህ ሌላ «ውሃ የማይገባው» የሚል አለ። ከቃሉ ይልቅ አጠገቡ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። «አይ.ፒ.67» የሚለው አቧራ የማያስገባ፣ በአንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ የሚቋቋም ማለት ነው። «አይ.ፒ.ኤክስ.4» የሚለው ግን የሚረጭ ውሃን ብቻ ነው የሚችለው። ለክረምት ዝናብ ይበቃል፤ ባልዲ ውስጥ ከወደቀ ግን ተስፋ አያድርጉበት።

በጆሮ መጀመር

አዲስ አበባ ውስጥ ሆነው ይህ መስክ የሳበዎት ከሆነ መልካም ዜና አለኝ። የሬዲዮ ትልቁ ደስታ ያለው በመስማት ላይ ነው፤ ለመስማት ደግሞ መናገሪያ አያስፈልግም።

የአያቶቻችንና የወላጆቻችን ትውልድ ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። ማታ ማታ የሬዲዮውን መርፌ በጥንቃቄ እያንቀሳቀሱ፣ አንቴናውን ወደ መስኮት እያዞሩ፣ የአሜሪካ ድምፅን ወይም የጀርመን ድምፅን የአማርኛ ዝግጅት በአጭር ሞገድ ይፈልጉ ነበር። ድምፁ ከፍ ዝቅ ይል ነበር፤ አንዳንዴም እንደ ባሕር ማዕበል ይርቅና ይመለስ ነበር። ያ የሚሆነው አጭር ሞገድ ወደ ሰማይ ተጉዞ አዮኖስፌር ከሚባለው የከባቢ አየር ክፍል ላይ ነጥሮ ስለሚመለስ ነው። በዚህ ምክንያት ተራራም ውቅያኖስም አያግደውም። አማተሮች ከአህጉር አህጉር የሚነጋገሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ግዢ ጥሩ የአጭር ሞገድ መቀበያ ሬዲዮ ይሁን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ይጠይቁ፤ «ኤስ.ኤስ.ቢ.» አለው ወይ? አማተሮች በአጭር ሞገድ በድምፅ ሲነጋገሩ በአብዛኛው የሚጠቀሙት ይህን የአሰራጭ ዓይነት ነው። ይህ የሌለው ሬዲዮ ጣቢያዎቹን ቢያገኛቸውም ንግግሩ እንደ ዳክዬ ጩኸት ነው የሚሰማው። ቴክሰን ከሚባለው የቻይና ሥሪት ውስጥ «ፒ.ኤል.-330» የተባለው ትንሽ ሬዲዮ ይህ አለው፤ መጠኑም በእጅ መዳፍ የሚያዝ ነው። ብዙ ርካሽ «ባለ 12 ባንድ» ሬዲዮዎች ግን የላቸውም። የባንዱ ብዛት በትልቁ የሚጻፈው የሌለውን ነገር እንዳንጠይቅ ነው።

ሬዲዮው ቤት ሲገባ ቀን ላይ ከ14.000 እስከ 14.350 ሜጋኸርዝ፣ ከመሸ በኋላ ደግሞ ከ7.000 እስከ 7.200 ሜጋኸርዝ ባለው መካከል ቀስ እያሉ ይፈልጉ። ከፍ ያለው ሞገድ በቀን፣ ዝቅ ያለው በማታ ይበልጥ ሩቅ ይሄዳል። ከ10 ሜጋኸርዝ በላይ ሲሆኑ የላይኛውን፣ ከዚያ በታች የታችኛውን የኤስ.ኤስ.ቢ. ምርጫ ይጫኑ። ጥቂት ሜትር የኤሌክትሪክ ሽቦ በመስኮት አውጥተው ከሬዲዮው አንቴና ጋር ቢያያይዙ ለውጡን ወዲያው ይሰሙታል። ከሬዲዮው አጠገብ ያለውን የስልክ ቻርጀርና ርካሽ አምፖል ማጥፋትም ይርዳዎታል፤ የሚንጫጫውን ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚፈጥሩት እነሱ ናቸው።

ምንም ሳይገዙ መሞከር ከፈለጉ ደግሞ ኔዘርላንድስ የሚገኘው የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ያደረገው የአጭር ሞገድ መቀበያ አለ። በስልክዎ ከፍተው፣ መርፌውን በጣትዎ እያንቀሳቀሱ፣ አውሮፓ ላይ የሚሰማውን ሁሉ መስማት ይችላሉ። ልጅዎ በሁለተኛው ቀን ከሰለቸው ገንዘብዎ ተርፏል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ አሁንም «እማዬ፣ ብራዚል ሰማሁ!» የሚል ከሆነ ቀጣዩን እርምጃ ያስቡ።

ፈቃዱና ማኅበሩ

በአሜሪካ የመጀመሪያው የአማተር ፈቃድ «ቴክኒሺያን» ይባላል። ፈተናው 35 ጥያቄዎች አሉት፤ 26 የመለሰ ያልፋል። የጥያቄዎቹ ሙሉ ስብስብ ከነመልሱ አስቀድሞ ለሕዝብ ይወጣል፤ የሞርስ ኮድ ፈተናም ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል። የዕድሜ ገደብ የለውም። ለዚህ ነው እዚያ ያለው የአክስቴ ልጅ ከአሥር ዓመት ሴት ልጁ ጋር አብሮ እንዲያጠና የመከርኩት። አባትና ልጅ እኩል ተማሪ ሆነው አንድ ጠረጴዛ የሚቀመጡበት አጋጣሚ ብዙ አይገኝም፤ ልጅቷ ቀድማው ብታልፍም አይደንቀኝም።

እኛ ጋ ደግሞ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር አለ። የማኅበሩ ጣቢያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ አምስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ሲሆን የጥሪ ምልክቱ «ኢ.ቲ.3ኤ.ኤ.» ነው። መጀመሪያ ላይ ያሉት «ኢ.ቲ.» የሚሉት ፊደላት ለኢትዮጵያ የተሰጡ ናቸው፤ የትም አገር ያለ አማተር ሲሰማቸው ከየት እንደሚጠሩት ያውቃል። ከአገራችን የሚሰራጭ ድምፅ ብዙ ስላልሆነ «ኢ.ቲ.» ሲሰማ ከጃፓንም ከጣሊያንም ለመመለስ የሚሽቀዳደመው ብዙ ነው። ለጀማሪ ከማንኛውም ካታሎግ የሚበልጠው፣ የሚሠራ ጣቢያ አጠገብ ተቀምጦ ሌላው ሲነጋገር ማየት ነው። ፈቃድ ማውጣቱን በተመለከተም መንገዱን ያለፉበት ሰዎች ከሻጭ የተሻለ ይመክራሉ።

ነገሩ ከመዝናኛ ያለፈ ጥቅም አለው። በ2017 እ.ኤ.አ. ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ሲመታ የመብራትና የስልክ መስመር ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ ፈቃደኛ አማተሮች በባትሪና በጄኔሬተር በሚሠሩ ሬዲዮዎች «ደኅና ነን» የሚሉ መልእክቶችን ከደሴቲቱ ለዘመዶች ያስተላልፉ ነበር። ያን የቻሉት በዚያ ሳምንት ሬዲዮ ስለገዙ ሳይሆን ለዓመታት ስለተለማመዱበት ነው።

ፈቃድ ካለ ገንዘቡ የት ይውላል?

ፈቃድ ያገኘ ሰው ሁለት ምርጫ ይጠብቀዋል።

አንደኛው የእጅ ሬዲዮ ነው። ገበያውን ያጥለቀለቀው ባኦፌንግ የሚባለው የቻይና ሥሪት ነው፤ «ዩ.ቪ.-5አር» የተባለው ሞዴል በአሜሪካ ከ20 እስከ 35 ዶላር ይሸጣል። ለዋጋው ብዙ ይሠራል። ነገር ግን ሁለት ችግር አለበት። አሞላሉ ለጀማሪ ግራ ያጋባል፤ ከአማተር ሞገድ ውጭ፣ ሰው ሊነካው በማይገባ ሞገድ ላይም ሊያሰራጭ ይችላል። ስለዚህ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ለልጅ የሚሰጥ መጫወቻ አይደለም። ያኤሱ፣ አይኮምና ኬንዉድ የተባሉት የጃፓን ሥሪቶች ዋጋቸው ሦስትና አራት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ልዩነቱ የሚሰማው ብዙ ሬዲዮ ባለበት ከተማ ውስጥ ሌላውን ድምፅ አጣርተው በመቀበላቸው ላይ ነው።

የእጅ ሬዲዮ ከመግዛትዎ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ «ከማን ጋር ላወራ ነው?» በአሜሪካ ከተሞች ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተተከሉ፣ የእጅ ሬዲዮን ደካማ ድምፅ ተቀብለው አጉልተው የሚያሰራጩ ሪፒተር የሚባሉ ጣቢያዎች አሉ፤ እዚያ ትንሿ ሬዲዮ ከከተማው ሁሉ ጋር ታገናኛለች። ሪፒተርም ሌላ አማተርም በአቅራቢያ በሌለበት ሰፈር ግን ያው ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ ይውላል።

ሁለተኛው ምርጫ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሆኖ ዓለምን የሚያሰማው ይህኛው ነው። ዋጋው ግን ሌላ ነው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጀማሪዎች ዘንድ የተወደደው አይኮም «አይ.ሲ.-7300» ባለ 100 ዋት ሲሆን አዲሱ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። ለዚህም ነው ከማኅበር ጣቢያ መጀመር የሚያዋጣው፤ ያገለገለ መሣሪያም ከሚያውቁት ሰው መግዛት ይቻላል።

የኔ ምክር ካሰቡት በጀት ላይ ሲሶውን ለአንቴና፣ ለኬብልና ለኃይል ማቅረቢያ አስቀድመው እንዲያስቀምጡ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚያብረቀርቀው ሬዲዮው ነው፤ የሚሠራው ግን አንቴናው ነው። ደስ የሚለው፣ ጥሩ አንቴና ከሽቦ ይሠራል። ለ14 ሜጋኸርዝ በጠቅላላው 10 ሜትር ያህል፣ ለ7 ሜጋኸርዝ 20 ሜትር ያህል ሽቦ መካከሉ ላይ ተቆርጦ፣ ሁለቱ ጫፎች ከኬብሉ ጋር ይያያዙና ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ኬብሉ 50 ኦም የሚባለው ይሁን፤ ለዲሽ የሚዘረጋው 75 ኦም ነው፤ ለመስማት ግን እሱም ይበቃል። መብራት ሲሄድ ደግሞ የመኪና ባትሪ ይህን ሬዲዮ ያስነሳዋል።

ሽቦው በምንም ዓይነት ወደ ኤሌክትሪክ መስመር መጠጋት የለበትም፤ ቢወድቅ እንኳ የማይነካው ቦታ ይምረጡ። ነጎድጓድ ሲመጣ ኬብሉን ነቅለው ከቤት ውጭ ያስቀምጡት። ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ ፈቃድ ሰጪ አካል እንዳለ አይርሱ፤ የሕንፃው ኮሚቴ። ጣሪያው የጋራ ነውና አስቀድመው ቡና ጠጡና ተነጋገሩ።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት

የትም አገር ቢገዙ እነዚህን ከሻጩ ፊት ቆመው ይመልከቱ።

ቻርጀሩ ላይ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ ያንብቡ። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ከሆነ የትም ይሠራል። «120 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ ለአሜሪካ የተሠራ ነው፤ በእኛ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል።

ባትሪው ለብቻው ይሸጣል ወይ? ሬዲዮ አሥር ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ባትሪው ግን አይቆይም። በተራ የድንጋይ ባትሪም የሚሠራ ከሆነ ለጉዞ ይመረጣል። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን የሚጓዘው በእጅ ሻንጣ እንጂ በካርጎ እንዳልሆነ ለዘመድዎ ያስታውሱ።

ያገለገለ ከሆነ አስከፍተው ያዳምጡ፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይጫኑ፤ የአንቴናው መሰኪያ ይላወስ እንደሆነ ይንኩት። የመለያ ቁጥሩ የተፋቀ ዕቃ ከሆነ ዋጋውን እንኳ ሳይጠይቁ ይለፉት።

ለልጆች ከሆነ፣ ፈቃድ በማይጠየቅበት አገር፣ ቻናሉ አንዴ ከተሞላ በኋላ የሚቆለፍ፣ ቁልፎቹ ትልልቅ የሆኑ፣ ሲወድቅ የማይሰበር ቀላል ሬዲዮ ይበቃል። ለልጆች ግዙ ሲባል ከሁለት ጥንድ አይበልጥ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲናገር ማንም አይሰማም።

በመጨረሻም ሻጩን «ይህ ሬዲዮ በየትኛው ሞገድ ነው የሚሠራው? እኔ ባለሁበት አገር ለማን ነው የተፈቀደው?» ብለው ይጠይቁት። የሚመልስልዎት ከሆነ ሌላውንም ጥያቄ ሊመልስ የሚችል ሰው ነው። «አያስጨንቅም፣ ሁሉም ይጠቀማል» ካለዎት አመስግነው ይውጡ። ጉምሩክ ላይም ኮሚቴው ፊትም የሚቆሙት እርስዎ ነዎት እንጂ እሱ አይደለም።

በሚቀጥለው ወር ከሌላ ሳጥን ጋር እንገናኛለን፤ ኩሽናችን ውስጥ የገባውን የውሃ ማጣሪያ ማስታወቂያ እናነባለን። እስከዚያው ግን የአያትዎ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ዕቃ ቤት ውስጥ ካለ አቧራውን ጠርገው ባትሪ ያስገቡለት። ልጆቹንም ይጥሯቸው።